የድንጋይ ሽበት፦ በዐለትና በዛጎል ላይ ስለሚበቅሉ ላይከኖች

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበና ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ።)



ዛሬ ሁለት ነገሮች ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ከምኖርበት ሰፈር አጥር ላይ የወደቀ የጥቁር ድንጋይ ስባሪ ነው። ሁለተኛው ለዶክትሬት ትምህርት በአውሮፓ ሳለሁ በአየርላንድ ምዕራባዊ የባሕር ዳርቻ ያነሣሁት ባዶ ዛጎል ነው። ሁለቱንም ከአጉሊ መነጽር ጋር ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ ትቀባበሏቸዋላችሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፤ በጥፍራችሁ አትፋቋቸው። ምክንያቱ ንግግሬ ሳያልቅ ግልጽ ይሆናል።

ድንጋዩ ላይ እድፍ የሚመስሉ፣ አመድማ፣ ነጭና ቢጫ አረንጓዴ የሆኑ ክብ ክብ ነገሮች ታያላችሁ። ዛጎሉ ላይ ደግሞ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አሉ። እነዚህ ሁሉ ሕይወት ያላቸው ወይም ሕይወት የነበራቸው ናቸው። በሳይንሱ ላይከን ይባላሉ፤ በአማርኛ የድንጋይ ሽበት የሚላቸው አለ። ስያሜውን እወደዋለሁ፤ ድንጋይም እንደ ሰው ዕድሜ ሲጠግብ ይሸብታል የሚል ሐሳብ አለበትና። ይሁን እንጂ የሰው ሽበት ከራሱ ከሰውየው ይወጣል፤ ይህኛው ግን ከውጭ መጥቶ የተቀመጠ ነው። ስለዚህም የዛሬው ንግግሬ ዋና ጥያቄ ይከተላል፦ ላይከን የተቀመጠበትን ድንጋይ ይበላዋል ወይስ ይጠብቀዋል?

የአያቴ መቃብር ድንጋይ

ጥያቄው ለእኔ ከመጽሐፍ አልመጣም። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ግድም፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ማስተማር በጀመርሁ ሰሞን፣ ለዕረፍት ወደ ትውልድ መንደሬ ሄድሁ። የአባቴ ታላቅ ወንድም እጄን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወሰዱኝ። በአያቴ መቃብር ላይ የቆመው ድንጋይ የእሳተ ገሞራ አመድ ረግቶ የፈጠረው፣ በቢላ ጫፍ የሚጫር ለስላሳ ድንጋይ ነው። የአያቴ ስምና ያረፉበት ዓመት ተቀርጾበታል፤ ነገር ግን አመድማ ቅርፊት ፊቱን ስለሸፈነው ፊደሉ የሚነበበው በጭንቅ ነበር። አጎቴ «አንተ እንግዲህ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ይህን ሽበት አንሣልኝና የአባቴን ስም በደንብ ልየው» አሉኝ።

እኔም ዕውቀቴን ለማሳየት ቸኮልሁ። ከገበያ የሽቦ ብሩሽና በረኪና ገዝቼ ተመለስሁ፤ ረጭቼም ፈተግሁት። ቅርፊቱ ቶሎ ለቀቀ፤ ደስ አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን እጄ ላይ የቀረው አሸዋ መሆኑን አስተዋልሁ። ቅርፊቱ የተነሣው የድንጋዩን ፊት ይዞ ነበር። ዓመተ ምሕረቱ ተረፈ፤ ከስሙ ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት አብረው ረገፉ። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ምን ይደረግ ልጄ፤ ስሙን እኮ እኔ አውቀዋለሁ» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። እኔ ግን ያን ቀን ያጠፋሁትን በትክክል ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ የተማርሁትን ነው።

ላይከን ምንድን ነው?

ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ላይከንን ራሱን እንደቻለ አንድ ተክል ይቆጥሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 ሲሞን ሽቬንደነር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ፣ ይህ አካል የሁለት ፍጥረታት ማለትም የፈንገስና የአልጌ ጥምረት ነው ብሎ አስታወቀ። በዘመኑ የታወቁ የላይከን ሊቃውንት፣ በተለይም ፊንላንዳዊው ዊሊያም ኒላንደር፣ ሐሳቡን አጥብቀው ተቃወሙት። ሽቬንደነር ፈንገሱን እንደ ጌታ፣ አልጌዎቹን እንደ ባሪያ አድርጎ ነበር የገለጻቸው። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳተመው ጽሑፍ የተለያዩ ፍጥረታትን አብሮ መኖር «ሲምባዮሲስ» ብሎ ሲተነትን፣ ላይከን ከዋና ምሳሌዎቹ አንዱ ሆነ።

ዛሬ ነገሩን እንዲህ እንረዳዋለን። ፈንገሱ እጅግ ቀጫጭን በሆኑ ክሮች ድር ይሠራል። በድሩ ውስጥ አረንጓዴ አልጌ ወይም ሳያኖባክቴሪያ፣ አንዳንዴም ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። እነርሱ በብርሃን አስተፃምሮ ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ፈንገሱ በበኩሉ መጠለያ ይሆናቸዋል፣ እርጥበትም ይይዝላቸዋል። ነዋሪዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው የሚለውም ቢሆን ዛሬ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቶቢ ስፕሪቢልና ባልደረቦቹ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት በብዙ ላይከኖች የላይኛ ሽፋን ውስጥ እርሾ መሰል የሆነ ሌላ ፈንገስ አግኝተዋል። ባክቴሪያዎችም አብረው ይኖራሉ። ስለዚህ ላይከን ስንል ስለ አንድ ግለሰብ ሳይሆን ብዙ ነዋሪ ስላለው አንድ ቤት እየተናገርን ነው። የአማርኛው ተረት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል፤ ይህኛው ድር የሚያስረው ድንጋይን ነው።

ላይከን የሚፈጥሩ ፈንገሶች 20,000 ገደማ ዝርያ እንዳላቸው ይገመታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ድንጋይን መርጠው የሚኖሩ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ባሕርያቸውን ልብ በሉልኝ። ላይከን ሥር የለውም፤ ውሃውንም እንደ ተክል መቆጣጠር አይችልም። ዝናብ ወይም ጤዛ ሲመጣ ጠጥቶ ያብጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ ደርቆ ይሰበሰባል። በደረቀበት ጊዜ የሕይወት ሥራውን ያቆማል እንጂ አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ2005 ፎቶን ኤም 2 በተባለች መንኮራኩር ሁለት የድንጋይ ላይከን ዝርያዎች ወደ ኅዋ ተልከው፣ አየር በሌለበትና ጨረር በበረታበት ስፍራ ለሁለት ሳምንት ያህል ተጋልጠው ሲመለሱ እንደገና ብርሃን አስተፃምሮ ጀምረዋል። ይህን ያህል ቻይ ነው። ነገር ግን ይህ ማበጥና መሰብሰብ ለተቀመጠበት ድንጋይ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ወደዚያው ልለፍ።

ድንጋይን እንዴት ይይዛል?

ላይከኖች በአቋማቸው በሦስት ይከፈላሉ። ቅጠል መሰሎች አሉ፤ ጫፋቸው ከድንጋዩ ላይ ይነሣል። ቁጥቋጦ ወይም ጢም መሰሎች አሉ፤ በባሌ የሐረና ደን የሄደ ሰው ከዛፎቹ ላይ ተንጠልጥለው ሲወዛወዙ ያያቸዋል። ሦስተኞቹ ቅርፊታማዎቹ ናቸው፤ እነዚህ ከድንጋዩ ጋር ስለሚዋሐዱ ድንጋዩን ሳይጎዱ መለየት እጅግ ይከብዳል። አሁን በእጃችሁ ካለው ስባሪ ላይ ያሉት ከዚህ ወገን ናቸው።

ከቅርፊታማዎቹ መካከል ደግሞ ፊቱ ላይ መቀመጡን ትተው ወደ ውስጥ የገቡ አሉ። ኢምሬ ፍሪድማን የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት በአንታርክቲካ ደረቅ ሸለቆዎች ከውጭ ሲታይ ባዶ በሚመስል የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ፣ ከገጹ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ላይከን ተደርድሮ እንደሚኖር አሳይቷል። ብርሃን በድንጋዩ ቅንጣቶች መካከል ዘልቆ ይደርሰዋል፤ ከነፋሱና ከቅዝቃዜው ግን ድንጋዩ ራሱ ይጋርደዋል። በኖራ ድንጋይና በዛጎል ውስጥ የሚኖሩትም አኗኗራቸው ተመሳሳይ ነው።

ላይከን በድንጋይ ላይ የሚሠራው ሥራ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጉልበት ነው። የፈንገሱ ክሮች በማዕድን ቅንጣቶች መካከል ባለው ስንጥቅ ይገባሉ። ድሩ ውሃ ጠጥቶ ባበጠና በደረቀ ቁጥር ቅንጣቶቹን ይገፋል፣ ይስባል። አንድ ቀን የሚደረገው ምንም ነው፤ መቶ ዓመት ሲደጋገም ግን ቅንጣቱ ከእናት ድንጋዩ ይላቀቃል። ሁለተኛው መንገድ ኬሚስትሪ ነው። ላይከኑ ሲተነፍስ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ደካማ አሲድ ይፈጥራል። ፈንገሱም ኦክሳሊክ አሲድ ያመነጫል፤ ይህም ከድንጋዩ ካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ካልሲየም ኦክሳሌት የተባለ ጨው ይሆናል። ሌሎች ብረትን የመሰሉ ማዕድናትን ከቦታቸው የሚያወጡ የላይከን አሲዶችም አሉ።

ለተማሪዎቻችን አንድ ነገር ላስታውስ። የላይከንን ኬሚስትሪ ሁላችሁም ሳታውቁት በእጃችሁ ይዛችሁታል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሲድና ቤዝ የለያችሁበት የሊትመስ ወረቀት ቀለም በታሪክ የተገኘው ከላይከን ነው። ሮቸላ የተባሉት ዝርያዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በባሕር ዳር ገደል ላይ የሚበቅሉ፣ ለዚህ ቀለምና ለሐምራዊ የልብስ ማቅለሚያ ሲለቀሙ ኖረዋል።

አሁን ወደ አያቴ ድንጋይ ልመለስ። የላይከኑ ክሮች ለብዙ ዓመታት በዚያ ለስላሳ ድንጋይ ውስጥ ሲገቡ ቆይተዋል። የላይኛውን ገጽ አላልተውታል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያ የላላ ገጽ ሳይረግፍ የቆመው በእነዚያው ክሮች ተይዞ ነበር። ያላላውም ያሰረውም ያው ክር ነው። እኔ ክሩን በአንድ ከሰዓት በኋላ መንጥቄ ሳወጣው የተያዘው ሁሉ አብሮት ወጣ። «ላይከኑ ድንጋዩን ጎድቶታል» ብል አልዋሽም፤ ፊደሉን ያጠፋው ግን የእኔ ብሩሽ ነው።

በባሕር ዳርቻ

ይህን ጉዳይ ይበልጥ ያብራራልኝ ከተወለድሁበት ደጋ እጅግ የራቀ ስፍራ ነው። በአየርላንድ፣ በብሪታንያና በኖርዌይ ድንጋያማ ዳርቻዎች ባሕሩ ሲጎድል ቆሞ ወደ ላይ የሚመለከት ሰው፣ ዐለቱ እንደ ጥለት በቀለም ተከፋፍሎ ያያል። ከታች፣ ሙላቱ በሚደርስበት ወሰን አካባቢ፣ ጥቁር መቀነት አለ። ከዚያ በላይ ብርቱካንማ፣ ከዚያም በላይ አመድማ ይከተላል። ሦስቱም በአብዛኛው የላይከን ቀለሞች ናቸው። ጥቁሩን የሚሠራው ዋነኛው ሃይድሮፑንክታሪያ ማውራ ነው፤ በብርቱካንማው ካሎፕላካና ዛንቶሪያ፣ በአመድማው ራማሊና ይታወቃሉ። ቅደም ተከተሉ እያንዳንዱ ዝርያ ጨውንና በባሕር ውሃ መረጨትን ምን ያህል እንደሚችል ያሳያል።

ጥቁሩ መቀነት ቀጭንና እንደ ቀለም የተቀባ ስለሚመስል፣ የማያውቅ ሰው ከመርከብ የፈሰሰ ዘይት ያደረቀው እድፍ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልጥቀስ። በመጋቢት 1967 እ.ኤ.አ. ቶሪ ካንየን የተባለች የነዳጅ መርከብ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ከኮርንዎል አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ከ100,000 ቶን በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ጫና ሰመጠች። ዳርቻውን ለማጽዳት ብዙ ሺህ ቶን ኬሚካል ተረጨ። ኬሚካሉ ከነዳጁ ይልቅ መርዛም ሆኖ የዐለቱን ፍጥረታት ጨረሰ። ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታትለው እንዳሳዩት፣ ሳይረጭ የቀረው ዳርቻ በጥቂት ዓመታት ሲያገግም፣ የተረጨው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ይህን ሳነብ የአያቴ ድንጋይ ታወሰኝ። ለማጽዳት የተነሣ እጅ ከእድፉ ይልቅ ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ የከበደ ምስክር አላውቅም።

ዛጎል የሚመለከተን ለምንድን ነው?

ዛጎሉ አሁን መሐል ረድፍ ላይ ደርሷል። የሞሶብ ክዳን ይመስላል አይደል? ባለቤቱ ሊምፔት ይባላል፤ የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። ከዐለቱ ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ ሙላት ሲሆን ወጣ ብሎ አልጌ ግጦ ይመለሳል። ዛጎሉ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይም እንዲሁ። ስለዚህ ለላይከን ሊምፔት ማለት የሚንቀሳቀስ ትንሽ የኖራ ድንጋይ ነው።

በላዩ ያያችኋቸው ጥቁር ነጥቦች ኮሌሞፕሲዲየም የተባለ ላይከን ምልክቶች ናቸው። የላይከኑ አካል የሚኖረው በዛጎሉ ውስጥ ነው። አጋሩ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ካርቦኔቱን እያሟሙ ገብተው አብረው ይኖራሉ። ነጥቦቹ ፈንገሱ ዘሩን የሚበትንባቸው ክፍሎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ በራሱ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ላይከን በሊምፔት ብቻ ሳይሆን ከዐለት ጋር ተጣብቀው በሚኖሩት በባርናክሎች ቅርፊት ላይም ይገኛል።

ታዲያ ዛጎሉ ተበልቷል ማለት ነው? አዎን፤ በውስጡ የተቆፈረ ዛጎል ከጤናማው ይልቅ ደካማ ነው። እንስሳው ግን እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም፤ ከውስጥ በኩል አዲስ ንብርብር እየጨመረ ዛጎሉን ያወፍራል። ድንጋይ ይህን ማድረግ አይችልም። የዛጎልና የድንጋይ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ዛጎል ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ይጠገናል፤ የተቀረጸ ድንጋይ ግን የሚጠግነው ባለቤት የሚያገኘው ከሰው ወገን ብቻ ነው።

ነገሩ ግን በጉዳት ብቻ አያበቃም። ላይከን ያልሆኑ፣ ነገር ግን ዛጎልን በመቆፈር ከላይከኑ አጋሮች ጋር የሚመሳሰሉ ሳያኖባክቴሪያዎች በመስል ዛጎል ውስጥ ይኖራሉ። መስል ማለት ሁለት ክዳን ያለው የባሕር እንስሳ ነው። እነዚህ ቆፋሪዎች ጥቁሩን ዛጎል እየቦረቦሩ ያነጡታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የነጣው ዛጎል የፀሐይን ብርሃን ስለሚመልስ፣ በውስጡ ያለው እንስሳ ከሌሎቹ ያነሰ ይሞቃል፤ ሙቀት ሲበረታም የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። ዛጎሉን የሚያደክመው ያው ነዋሪ በክፉ ቀን ባለቤቱን ያተርፈዋል። ይህን ነዋሪ ጠላት እንበለው ወይስ ወዳጅ? መልሱ የቀኑን ሙቀት ሳናውቅ አይገኝም።

ጠባቂው ላይከን

በድንጋይም ላይ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ላይከን የለበሰ ድንጋይ የዝናብ ጠብታ በቀጥታ አያርፍበትም፤ ነፋስ የሚያመጣው አሸዋም በቀጥታ አይፍቀውም። የካልሲየም ኦክሳሌቱ ጨውም በአንዳንድ የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ ላይ ከካርቦኔቱ ይልቅ በዝናብ የማይሟሟ ስስ ልባስ ይሆናል። በሌላ በኩል ካርተርና ቫይልስ የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጥቁር ላይከን ከሥሩ ያለውን የኖራ ድንጋይ ሙቀት ከፍ እንደሚያደርግ ለክተው አሳይተዋል። ልብሱ ከዝናብ ይጋርዳል፤ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ያሞቃል።

ላይከን ሌላም አገልግሎት ይሰጣል፤ ምስክር ይሆናል። ካርታ መሰሉ ላይከን፣ ሪዞካርፐን ጂኦግራፊከም፣ በብዙ ስፍራ በዓመት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ያድጋል። ኦስትሪያዊው ሮላንድ ቤሸል ይህን መነሻ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1950 የበረዶ ግግር ትቶት የሄደውን ድንጋይ ዕድሜ በላይከን ስፋት ለመገመት የሚያስችል ዘዴ አቀረበ። የአንድ ላይከን ስፋት በዓመት ግማሽ ሚሊሜትር ይጨምራል ብንል፣ አምስት ሴንቲሜትር የሆነው ክብ መቶ ዓመት የፈጀ ነው። የእጅ መዳፍ የማይሞላ ነገር ከማናችንም ዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው። በሽቦ ብሩሽ ግን ለማንሣት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።

እኛን የሚመለከተን

ይህ ሁሉ ለአገራችን የትርፍ ሰዓት ጨዋታ አይደለም። ኢትዮጵያ በድንጋይ ላይ የጻፈች፣ ድንጋይ ያቆመች፣ ከድንጋይም የፈለፈለች አገር ናት። የላሊበላ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የተፈለፈሉበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበትና ውሃ የሚጠጣ ነው። በግድግዳቸውና በጣሪያቸው ላይ ላይከን ይበቅላል፤ ለድንጋዩ መጎዳት ከሚጠቀሱት ምክንያቶችም አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ ዝናብ የሚከላከል ትልቅ ጣሪያ ተተክሏል።

እንደ ላይከን ተማሪ እዚህ ላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። ጣሪያ ዝናቡን ሲያስቀር የላይከኑንም ውሃ ያስቀራል። ላይከኑ ቢሞት የላላውን ገጽ ይዞ የቆየው ክር ምን ይሆናል? ቀስ ብሎ ይበሰብሳል? ገጹስ አብሮት ይረግፋል ወይስ ጸንቶ ይቀራል? ይህ በየግድግዳው፣ በየአቅጣጫውና በየዝርያው ተለክቶ የሚመለስ ጥያቄ ነው። በግምት የሚመልሰው ሰው እኔ በሃያዎቹ ዕድሜዬ የመለስሁትን መልስ ይመልሳል።

ስለዚህ ላይከን ያለበት ጥንታዊ ድንጋይ ፊት ለፊት ስንቆም፣ ብሩሽ ከማንሣታችን በፊት ሦስት ነገሮች እንድንጠይቅ እመክራለሁ።

የመጀመሪያው፦ ድንጋዩ ምንድን ነው? ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ፣ የኖራ ድንጋይና የረጋ አመድ ለአንዱ ላይከን የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለም።

ሁለተኛው፦ ላይከኑ የትኛው ነው? ፊቱ ላይ የተቀመጠ ነው ወይስ ውስጥ የገባ? ኦክሳሊክ አሲድ አብዝቶ የሚያመነጭ ነው ወይስ አይደለም? ይህን ለመለየት አጉሊ መነጽር፣ ማይክሮስኮፕና ዝርያ መለየት የተማረ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሙያ የሚማር ተማሪ ለማግኘት ነው ዛሬ በዚህ መድረክ የቆምሁት ብል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው፦ ብናነሣው ምን ይከተላል? ክፍት ሆኖ የሚቀረው ገጽ ለዝናብና ለፀሐይ ዝግጁ ነው? ላይከኑ ተመልሶ እንዳይመጣስ የእርጥበቱን ምንጭ አቁመናል? ማንሣት ግድ ከሆነም ሙያው የሚያዘው ሥርዓት አለ። አስቀድሞ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ጽሑፍ ካለበት ይገለበጣል። ከዚያ ላይከኑ ባለበት እንዲሞት ተደርጎ ለሳምንታት ይቆያል፤ ሲደርቅና ሲለቅ በለስላሳ ብሩሽ ይነሣል። የሽቦ ብሩሽ፣ መሮና የቤት በረኪና በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ማጠቃለያ

በመነሻዬ ላይከን ድንጋይን ይበላል ወይስ ይጠብቃል ብዬ ነበር። የተማርሁት መልስ ሁለቱንም ያደርጋል የሚል ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ በአንዱ ክር፣ በአንድ ጊዜ። የትኛው ሚዛን እንደሚደፋ የሚወስኑት ድንጋዩ፣ አየሩ፣ ዝርያውና ያለፈው ጊዜ ናቸው። ከሩቅ አይቶ የሚፈርድ ሁሉ ይሳሳታል፤ የተማረም ቢሆን።

አጎቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። «ስሙን እኔ አውቀዋለሁ» ያሉኝ ሰው ዛሬ የሉም። የአያቴን ስም እኔ አውቀዋለሁ፤ ልጆቼም ስለነገርኋቸው ያውቁታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ለመናገር የተቀረጸው ድንጋይ ግን ከእንግዲህ ከስሙ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ባለፈው ዓመት ሄጄ አይቼው ነበር። የፈተግሁት ስፍራ እንደገና መሸበት ጀምሯል፤ የሰፊው ክብ ስፋት ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። በገዢ ለካሁት፤ ፎቶግራፍ አነሣሁትና ተመለስሁ። አልነካሁትም።

ዛጎሉና ድንጋዩ እጃችሁ ላይ ያሉ ሰዎች ስትወጡ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡልኝ እለምናለሁ።